ሰልፉን ጥለው የሄዱት እጩ

ባለፈው ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቴ በባቡር ስመለስ፣ ጣቢያችን ልንደርስ ስንል እንደ ልማዴ መስኮቱን ከፍቼ ጆሮዬን ሰጠሁ። ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ የጣቢያው ሹም ከቢሯቸው «አንደኛ ሐዲድ!» ብለው ሲጮኹ ተሰማኝ። ከዚያ ቀጥሎ ሐዲድ ከሚቀየርበት ቦታ አንድ የሻከረ ድምፅ «አንደኛ ሐዲድ!» ብሎ መመለስ ነበረበት። አልመለሰም። ባቡሩ ግን ገባ።

ከባቡሩ ስወርድ ሸንኮራ የምትሸጠዋ ሴትዮ ገና ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ጋሽ ሽፈራው አርፈዋል። ሌሊት ልባቸው ቀጥ አለ። ቀብሩ ነገ ነው።»

የምታጽናናኝ መስሏት ጨመረችልኝ። «የሠራተኞቹ ማኅበር ትልቅ ሰው አጣ እየተባለ ነው። አቶ ጌታሁን እንኳ ከጠዋት ጀምሮ ጥቁር ከረባት አስረው ነው የሚዞሩት።»

እኔ ሰው መናቅ አልወድም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ስድስት ወሬ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ሰዎች ስጽፍም እጠነቀቃለሁ። ያላየሁትን ነገር ከመጻፌ በፊት ሁለት ሁለት ሰው ጠይቄያለሁ። የጥቁሩን ከረባት ወሬ ስሰማ ግን የተሰማኝ ሐዘን ብቻ ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ጋሽ ሽፈራው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ያንን ከረባት አይተው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጉና «ይሄ ሰውዬ ለማን ነው የሚያለቅሰው? ይድገመው እስቲ» ይሉ ነበር።

ጋሽ ሽፈራው ሐዲድ ቀያሪ ነበሩ። ጣቢያችን ከአቃቂ ወጣ ብላ ያለች፣ ሁለት ሐዲድ፣ አንድ መጋዘንና አንድ የቲኬት መስኮት ያላት ትንሽ ጣቢያ ናት። የሚመጣው ባቡር በየትኛው ሐዲድ እንደሚገባ የሚወሰነው በአንድ የብረት ዘንግ ነው። ያንን ዘንግ ጋሽ ሽፈራውና ከበደ የሚባል ሌላ ሠራተኛ በየተራ ይስቡ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠርዙ በዘይት የጠቆረ ግራጫ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ።

የባቡር ሠራተኞች አንድ የአሠራር ልማድ አላቸው። መስመሩ አንድ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣውም ከወዲህ የሚሄደውም በዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ከዱከም ስልክ ተደውሎ «የጭነት ባቡር ልልክ ነው» ሲባል የሰማው ሰው «እሺ» ብሎ ስልኩን አይዘጋም። የተባለውን ቃል በቃል ይደግማል። ከወዲያ ያለው ሰው አዳምጦ አንድ ከሆነ «ገጥሟል» ይላል። አንዲት ቃል ከጎደለች ወይም ከተለወጠች «አልገጠመም» ይልና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። እስኪገጥም ድረስ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ሹሙ ሐዲድ ሲያዙም እንደዚሁ ነው፤ ሐዲድ ቀያሪው ትእዛዙን ጮክ ብሎ ሳይመልስ ዘንጉን አይነካም።

ይህ ልማድ ለሌሎቹ ሠራተኞች ከጣቢያው አጥር ውጭ አይሠራም ነበር። ጋሽ ሽፈራው ግን ይዘውት ሰፈር ገቡ። ልብስ ሰፊው «ኮትዎ ለፋሲካ ይደርሳል» ሲላቸው «ድገመው» ይሉታል።

«ለፋሲካ ሰሞን ይደርሳል ጋሽዬ።»

«ሰሞን የምትባለዋ ቅድም አልነበረችም። አልገጠመም» ብለው ጨርቃቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ።

እኔንም አልማሩኝም። ዩኒቨርሲቲ መግባቴ በተሰማበት ሰሞን በራቸው ላይ አስቁመው «ምን ልትማሪ ነው?» አሉኝ።

«ገና አልመረጥኩም፤ ግን ወገኔን የሚጠቅም ትምህርት እማራለሁ።»

«ድገሚው።»

«ወገኔንና አገሬን የሚጠቅም...»

«አገርሽን ከየት አመጣሻት? ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላሽ አገር ጨመርሽ። አራት ዓመት ስትቆዪማ አፍሪካን በሙሉ ልታስገቢ ነው።» ሳቁብኝ። አፍሬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ድገሚው ብባል እንደዚያው አድርጌ መናገር እችል እንደሆነ ሳላስብ አልቀርም።

በዚህ ነገር እሳቸውን የሚያሸንፉ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ይሰማናል። ጋሽ ሽፈራው «እሑድ ጣራውን እጠግነዋለሁ» ይላሉ። እትዬ አስካለ ከጓዳ ሆነው ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «ይድገሙት» ይሏቸዋል። ጋሽ ሽፈራው ይደግሙታል። እሑድ ጠዋት መዶሻው ይሰማል።

የባቡር ሠራተኞቹ ማኅበር ከየደመወዛቸው የሚቆረጥ መዋጮ አለው። መዋጮው ሠራተኛ ሲሞት ወይም አካሉ ሲጎዳ ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ነው። በዳዳ የሚባል ሐዲድ ጠጋኝ ከዱከም ወዲህ በሥራ ላይ ሳለ ሲሞት ሚስቱ ልታ ወደ ማኅበሩ መጣች። የዚያን ጊዜው ገንዘብ ያዥ «ይታያል» አሏት። በሚቀጥለው ወር መጣች፤ «ይታያል» ተባለች። ከቲኬቱ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ የማያውቃት መንገደኛ አልነበረም። ሳታገኝ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ገንዘቡን ሰው በላው የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ገንዘቡ ነበረ። መስጠት የሚባለው ነገር ነው ያልነበረው።

ጋሽ ሽፈራው ሥራቸው ሐዲዱ ጋ ስለሆነ ያንን ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ያዩታል። ልታ በሄደች በሳምንቱ የገንዘብ ያዥ ምርጫ ሊደረግ መሆኑ ሲሰማ «እኔ እወዳደራለሁ» አሉ። ይህ የሆነው የዛሬ አራት ዓመት ነው።

ተፎካካሪያቸው አቶ ጌታሁን ነበሩ። አቶ ጌታሁን ቲኬት ሻጭ ናቸው። «ክቡር መንገደኛ፣ እጅግ አዝናለሁ፣ ወንበር የለም» ሲሉ ወንበር ያጣው ሰው አመስግኖ ነው የሚሄደው። ለምርጫው ሲሉ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ጠጅ ቤት ሦስት እሑድ ሙሉ ሠራተኛውን ጋበዙ። በሦስተኛው እሑድ ጋሽ ሽፈራው ገቡና በገዛ ገንዘባቸው አንድ ብርሌ አዝዘው ቆመው ጠጡ። አቶ ጌታሁን ያን ጊዜ ብድግ ብለው የሐዘንተኛውን እንባ ማኅበሩ እንደሚያብስ ይናገሩ ነበር።

«በምን ሊያብሱት ነው? በከረባቱ?» አሉ ጋሽ ሽፈራው። ቤቱ ሳቀ።

«ቀልዱን እንተወውና ጋሽ ሽፈራው፣ እኔ ከተመረጥኩ ለሟች ቤተሰብ በአስቸኳይ እከፍላለሁ።»

«ይድገሙት።»

«በአፋጣኝ እከፍላለሁ።»

«አስቸኳይ ነበር፤ አሁን አፋጣኝ ሆነ። እስቲ ለሦስተኛ ጊዜ ይበሉት።»

«ማኅበሩ በተቻለው ፍጥነት...»

«ይኸው! ገና አንድ ብርሌ ሳልጨርስ እዳውን ከራሳቸው አውርደው ለማኅበሩ አሸከሙት። ጠጡ ጎበዝ፣ ጠጡ። ከዚህ በላይ የምትቀበሉት ነገር የለም።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ጠጁንም ጠጣ። ስቆ መጠጣትን የመሰለ ነገር የለም፤ ቀልደኛውንም ጋባዡንም ያስደስታል።

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ሽፈራው ድምፅ መለመን አያውቁበትም ነበር። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰው በሞተ በሠላሳ ቀን ውስጥ እከፍላለሁ። ካልከፈልኩ ሬሳውን ትታችሁ እኔን ቅበሩኝ።» ይህንን ብለው የሚሰማቸውን ሰው ያስደግማሉ። ቶሎሳ የሚባለው የበዳዳ የሥራ ባልደረባ፣ የእሱና የበዳዳ አባቶች እዚሁ አቃቂ ዳር ያርሱ ነበር፣ ሳያዛባ ስለደገመላቸው «አንተ ምረጠኝ» አሉት። አንዱን ፍሬን ሠራተኛ ግን «አንተ እንኳ ይቅርብህ። አምና ፋኖሱን ሳታጸዳ አጽድቻለሁ ያልክ ሰው ከኋላዬ ብትቆም ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ሰደቡት። ሰውዬው የእሳቸው ወገን ነበር። ድምፅ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ይናገራል?

አባቴ የመጋዘኑ ጠባቂ ናቸው። ይህን እንደሚያነቡት እያወቅኩ ነው የምጽፈው። በዚያው ጠጅ ቤት አባቴ ሰው ላለማስቀየም ብለው «እኔ ከሁለቱም ጋር ነኝ» ብለው ነበር።

«አቶ ለማ፣ ይድገሙት» አሏቸው ጋሽ ሽፈራው።

«ሁለቱም... ጥሩ ሰዎች ናቸው ነው ያልኩት።»

«አልገጠመም! አቶ ለማ፣ ባቡሩ እንኳ ምርጫ ያደርጋል እኮ፤ ወይ በአንደኛው ነው የሚገባው ወይ በሁለተኛው። እርስዎ መሐል ለመሐል ገብተው መጋዘኑን ሊያፈርሱት ነው?»

አባቴ በዚያን ቀን እራት ሳይበሉ ተኙ። ጋሽ ሽፈራው እውነታቸውን ነበር፤ ግን በሰው ፊት እንዲያ ማድረግ አልነበረባቸውም። እትዬ አስካለም ይህንኑ ሲሏቸው በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። «ሰው አዋርደው ሊመረጡ ነው?» አሏቸው። 

የምርጫው ቀን እሑድ ነበር። በማኅበሩ ደንብ መሠረት እጩዎቹ መጋዘኑ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የሚመርጣቸው ሰው ከኋላቸው ይሰለፋል፤ ሹሙ በየሰልፉ እየሄዱ ትከሻ እየነኩ ይቆጥራሉ። ቀኑን የመረጡት ጠዋት ባቡር ስለሌለ ነው። በሁለተኛው ሐዲድ ላይ ባዶ ፉርጎዎች ቆመው ነበር። የሰፈሩ ሴቶችና ልጆች፣ እኔና ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼም ጭምር፣ ምርጫውን ለማየት ፉርጎዎቹ ላይ ወጥተን ተቀምጠናል። ልክ እንደ ሲኒማ።

ሁለቱ ሰልፎች ሲቆሙ የጋሽ ሽፈራው ረዘም አለ። ሐዲድ ጠጋኞቹና ፍሬን ሠራተኞቹ ከእሳቸው ኋላ ናቸው፤ ያ የተሰደበው ሰውዬ እንኳ መጥቶ ቆሟል። ከአቶ ጌታሁን ኋላ የቢሮ ሠራተኞቹ፣ ጠጁን ያልረሱ ጥቂት ሰዎች፣ አባቴም አሉ። ቶሎሳ ወደ ኋላው ዞሮ ሰልፉን አየና ጥርሱ በሙሉ ታየ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው። ከዱከም ስልክ ተደውሎ ነበር። አንድ የጭነት ባቡር ቀድሞ ሊመጣ ነው ተባለ። ሹሙ ተቀበሉ፤ ቃል በቃል ደገሙ፤ «ገጥሟል» ተባሉ። የቀረው ለተረኛው ለከበደ «አንደኛ ሐዲድ» ብሎ መንገር ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ዘንጉ ቅዳሜ ማታ ፉርጎዎቹ ሲገቡ ወደ ሁለተኛው እንደተሳበ ነው። ሹሙ ከበደን ሊነግሩ ወጡ። ከበደ ቦታው ላይ የለም። የአቶ ጌታሁን ሰዎች «ለአንድ አፍታ ና፣ ተቆጠርና ትመለሳለህ» ብለው ጠርተውት ሰልፍ ውስጥ ቆሟል። ሹሙ ከበደን ከሰልፉ ውስጥ አገኙት። ሊነግሩት የመጡትን ረስተው ትከሻውን ነክተው ቆጠሩት።

ሰው ለሃያ ዓመት «ድገም፣ ድገም» ሲባል ኖሮ ይህን ይሳሳታል ብሎ ማን ያስባል? ግን በዚያች ሰዓት በሹሙ ዓይን ከበደ ሐዲድ ቀያሪ አልነበረም፤ አንድ ድምፅ ነበር።

ፊሽካው ከድልድዩ ማዶ ሲሰማ ሁሉም ሰው ቀና አለ። ጋሽ ሽፈራው መጀመሪያ ያዩት ወደ ዘንጉ ነው። ማንም የለም። ቀጥሎ ወደ ወዲያኛው ሰልፍ አዩ፤ ከበደ እዚያ ቆሟል። ከዚያ ወደ እኛ፣ ወደ ፉርጎዎቹ አዩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው የቆሙበት ቦታ ላይ፣ መሬቱ ላይ አስቀመጡትና ወደ ዘንጉ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። «ልጆቹን አውርዱ!» የሚለው ጩኸታቸው ከባቡሩ ፊሽካ ጋር አብሮ መጣ። ከኋላቸው የነበሩት በሙሉ ወደ እኛ ሮጡ። ቶሎሳ ወንድሞቼን በሁለት ብብቱ ይዞ ወረደ፤ እኔ ራሴ ዘልዬ ጉልበቴን ተላጥኩ። ጋሽ ሽፈራው ዘንጉ ጋ ደርሰው ሳቡት፤ የጭነቱ ባቡር በአንደኛው ሐዲድ ላይ፣ ከፉርጎዎቹ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እየጮኸ አለፈ።

የአቶ ጌታሁን ሰልፍ ግን አልተነቃነቀም።

አባቴም ከሰልፉ አልወጡም። በኋላ እናቴ ስትጠይቃቸው «ሽፈራው እንደሚደርስበት እርግጠኛ ነበርኩ» አሏት። ይህንን ሁለት ጊዜ ስጠይቃቸው ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ቃል ነው የመለሱልኝ፤ ስለዚህ እውነት ነው ብዬ ልተወው።

ጋሽ ሽፈራውና ሰዎቻቸው አቧራቸውን እያራገፉ ሲመለሱ ሹሙ ቆጠራውን ጨርሰው ደብተራቸውን አጥፈዋል። በጋሽ ሽፈራው በኩል የቆመው ባርኔጣው ብቻ ነበር።

«ባርኔጣ አይመረጥም መቼም» አሉ አቶ ጌታሁን። ሰልፋቸው ሳቀ። ገና የባቡሩ ጭስ ከላያችን አልተነሳም።

ቶሎሳ ዱላ አነሳ። ጋሽ ሽፈራው በእጃቸው ከለከሉትና ወደ ሹሙ ሄዱ። «ደንቡ ምን ይላል?»

ሹሙ እሳቸውን ማየት አቅቷቸው ደብተራቸውን እያዩ «ሰልፉን ጥሎ የሄደ አይቆጠርም» አሉ።

«ይድገሙት።»

«ሰልፉን ጥሎ የሄደ አይቆጠርም።»

ጋሽ ሽፈራው «ገጥሟል» አሉ። ባርኔጣቸውን አንስተው፣ በክርናቸው ጠራርገው፣ ዘንጉ ጋ ሄደው ቆሙ። ተራቸው አልነበረም፤ የከበደ ነበር። ከበደ ግን ያን ቀን የመረጠው ሰው አሸንፎለት ጠጅ ቤት ነበር።

አቶ ጌታሁን ገንዘብ ያዥ ሆኑ። ባለመስታወት ጠረጴዛ አሠሩ፤ ማኅተሙንም በሰንሰለት ከቀበቷቸው ጋር አሰሩት። አሁንም አንዲት ሳንቲም ሰረቁ የሚል የለም። የሞተ ሰው ቤተሰብ ሲመጣ ወንበር ስበው፣ ከአንገታቸው ጎንበስ ብለው «እጅግ አዝናለሁ፤ ይታያል» ይላሉ። የድሮው ገንዘብ ያዥ ወንበር አይስቡም ነበር። ልዩነቱ እሱ ነው። ጋሽ ሽፈራው ደመወዝ በተቀበሉ ቁጥር በአቶ ጌታሁን መስኮት በኩል እያለፉ «የበዳዳ ሚስትስ?» ይላሉ፤ «ይታያል» ይባላሉ፤ «ይቺኛዋ እንኳ ሁሌም ትገጥማለች» ብለው ይሄዳሉ። አራት ዓመት ሙሉ። ሰዉም ለመደው፤ ጋሽ ሽፈራው ነገረኛ ሽማግሌ ናቸው ተባሉ። የሚያስቀው ነገር፣ ነገረኛ ካሏቸው ሰዎች መካከል ልጆቻቸው ያኔ ፉርጎው ላይ የነበሩ አሉበት።

እሑድ ለቀብር ስንሄድ ድንኳኑ ሞልቶ ሰዉ ደጅ ተርፎ ነበር። ፍትሐቱ አልቆ ሳጥኑ ቃሬዛ ላይ ተቀምጧል። ከፊት ቶሎሳ፣ ከኋላ ሌሎቹ ሐዲድ ጠጋኞች ለመሸከም ቆመዋል። አቶ ጌታሁን ከረባታቸውን አስተካክለው የሟቹን የሕይወት ታሪክ ከወረቀት አነበቡ። ከሁሉም አንዱን ዓረፍተ ነገር አልረሳውም። «እስከ ዕለተ ሞታቸው ከሰልፋቸው ያልወጡ ጽኑ ሰው ነበሩ» አሉ። ይህንን ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ የእውነት እንባም ነበራቸው። ሰውን በቁሙ ያልቆጠረ፣ ሲሞት ይቆጥረዋል። ከበደ አጠገባቸው ቆሞ በመሀረብ ዓይኑን ያብሳል።

ከዚያ ወረቀቱን አጠፉና፣ የሰዉ ልቅሶ ስለነካቸው ይመስለኛል፣ ያልጻፉትን ጨመሩ። «ማኅበራችን ለውድ ባለቤታቸው የስድስት ወር ደመወዛቸውን፣ ሳይጎድል፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ ይከፍላል!»

ሰዉ «ተባረክ፣ ተባረክ» አለ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ለማንሳት ጎንበስ አሉ።

«ይድገሙት።»

ድምፁ ከሴቶቹ መሐል ነው የመጣው። ጮክ ያለ አልነበረም። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ገልጠው ተነስተዋል።

አቶ ጌታሁን የሰሙ አልመሰሉም። ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቆሙ።

«ይድገሙት አቶ ጌታሁን።»

«እትዬ አስካለ፣ አይዞዎት፣ አሁን ሐዘን ላይ...»

«ሐዘኑ የኔ ነው። እርስዎ ቃሉን ይድገሙት።»

አቶ ጌታሁን ዙሪያቸውን አዩና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ማኅበሩ እንግዲህ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠን፣ አስፈላጊውን ድጋፍ...»

ቶሎሳ የያዘውን የቃሬዛ እጀታ ለቀቀ። ሌሎቹም ለቀቁ። «አልገጠመም» አለ ቶሎሳ።

ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ። አንድ የእድር ዳኛ «ልጆች፣ ሬሳ አይቆምም፣ ነውር ነው» አሉ። ቶሎሳ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ «እሳቸው እያሉ ሳይገጥም ባቡር ተነቃንቆ ያውቃል እንዴ አባባ?» አላቸው።  ከጀርባ ያሉት ሠራተኞች አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማንም አልሳቀም። በጋሽ ሽፈራው ቃል ሰው ሳይስቅ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አቶ ጌታሁን ግንባራቸውን ጠረጉ። «የስድስት ወር ደመወዛቸውን... ሳይጎድል... ማኅበሩ ለባለቤታቸው ይከፍላል።» አሉና ጨረሱ።

«አልገጠመም።»

«ምኑ ነው ያልገጠመው? ይኸው አልኩ እኮ!» ድምፃቸው ቀጠነ። የጎደለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሳቸውም ያውቁታል። ግን ዓይናቸው የሚያድናቸው ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ፣ እንደ ምርጫው ቀን ከኋላቸው በቆሙት በአባቴ ላይ አረፈ።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው ያሉት» አሉ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ተራምደው ወጡና ሳጥኑ አጠገብ ቆሙ። «እስከዚህ ወር መጨረሻ። ሰምቻለሁ።»

አቶ ጌታሁን በሦስተኛው፣ ልክ ትምህርት ቤት ቆሞ ያጠናውን በቃሉ እንደሚወጣ ልጅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉት። ቶሎሳ እትዬ አስካለን አየ። እትዬ አስካለ ሳጥኑን እያዩ፣ ለሬሳው የሚነግሩ በሚመስል ድምፅ፣ «ገጥሟል» አሉ። ሳጥኑ ተነሳ። ሴቶቹ ልቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። አባቴ መንገዱን ሙሉ የቃሬዛውን አንድ ጥግ ይዘው ሄዱ።

ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ ወዲህ ወሩ አልቋል። አቶ ጌታሁን በመጨረሻው ቀን ራሳቸው እትዬ አስካለ ቤት መጡ፤ ገንዘቡን በፖስታ አድርገው በሁለት እጃቸው ሰጡ። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሰምቻለሁ። እትዬ አስካለ አመሰገኑና እንዲቀመጡ እንኳ ሳይጋብዟቸው ጠየቋቸው።

«የበዳዳ ሚስትስ?»

«እሱ እንኳ... ይታያል፣ እትዬ አስካለ።»

 በሩ ሲከፈት አልተሰማኝም፤ እንዳልወጡ አወቅኩ።

«ይድገሙት» አሉ እትዬ አስካለ።